የዝምድና ክብደት

የሰው ልጅ በዙሪያው ያለውን ግዙፉን ዓለም እየተመለከተ «ይህ ሁሉ ከምን ተሠራ?» ብሎ ያልጠየቀበት ዘመንም ሆነ አገር አይገኝም። በእኛም ዘንድ ጥያቄው እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን አንድ ደቀ መዝሙር ዳዊት ከደገመ፣ ቅኔም ከተቀኘ በኋላ ወደ ትርጓሜው ጉባኤ ሲዘልቅ ከሚሰማቸው ቁም ነገሮች አንዱ የአራቱ ባሕርያት ነገር ነው፤ እሳት፣ ነፋስ፣ ውኃ፣ መሬት። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ቁጥራቸውን ብቻ ነው። ሊቃውንቱ ግን በቁጥሩ አያቆሙም። እሳትና ውኃ ባላንጣዎች ሆነው ሳሉ እንደምን በአንድ አካል ውስጥ ተስማምተው ይኖራሉ ብለው ይጠይቃሉ፤ መልሱንም ከዝምድናቸው ያወጡታል። ነፋስ በሙቀቱ ከእሳት፣ በርጥበቱ ከውኃ ይዛመዳል፤ ውኃ በቅዝቃዜው ከመሬት፣ መሬት ደግሞ በድርቀቱ ከእሳት ይዛመዳል። በዚህም ዓይነት ባላንጣዎቹ በመካከላቸው በቆመው አስታራቂ ተያይዘው ይኖራሉ።

ይህ ትምህርት የተፈጥሮ ሳይንስ ሆኖ ዛሬ አይቆምም። ውኃ ራሱ ከሌሎች ንጥረ ነገሮች የተዋሐደ መሆኑ ከታወቀ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ሆኗል። የአጠያየቁ ሥርዓት ግን እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። «ከምን ተሠራ?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «የተሠራባቸው ነገሮችስ እርስ በርሳቸው ምንና ምን ናቸው?» የሚል ሁለተኛ ጥያቄ አስከትሏልና። ስለ ቁስ አካል የመጨረሻ ጥቃቅን ክፍሎች በምናስተምርበት ጊዜ ከእጃችን የሚያመልጠው ይኸው ሁለተኛው ጥያቄ ይመስለኛል። ይህች ጽሑፍ ስለ እርሱ ናት።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ አንድ የፈተና ወረቀት ነው። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ በማስተምርበት ጊዜ ለተማሪዎች ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ መሠረታዊ የሆኑትን የቁስ ቅንጣቶች ዘርዝሩ የሚል ነበር። አንዲት ተማሪ ጥቂቶቹን ብቻ ጻፈችና ከግርጌው የራሷን ጥያቄ አሰፈረች፤ ፕሮቶን ከሦስት ኳርኮች የተሠራ ከሆነ የሦስቱ ክብደት ተደምሮ የፕሮቶኑን ክብደት የማይሞላው ስለምንድን ነው? የማረሚያው መመሪያ ለዝርዝር እንጂ ለጥያቄ ነጥብ አልመደበምና ልጅቷ ወደቀች። በእኔ አስተያየት ግን በዚያ ቀን በክፍሉ ውስጥ ከተጻፈው ሁሉ የላቀው እርሱ ነበር።

ወረቀቱን ያረሙት የሥራ ባልደረባዬ በዕድሜም በልምድም የሚበልጡኝ ሰው ነበሩ። «ጋሼ፣ ይህች ልጅ እኮ ከሁሉ አስበልጣ አስባለች» ብላቸው፣ «ስማኝ፣ ፊደል ያልቆጠረ ቃል አያነብም። መጀመሪያ ስሞቹን ይያዙ፤ ዝምድናው ኋላ ይደርሳል» አሉኝ። ክርክራቸው በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ብዙ ጥሩ መምህራንም ይኸንኑ ያምናሉ። ስለዚህ መልሱ ከሳይንሱ ታሪክ ውስጥ መፈለግ አለበት።

ከዝርዝር ወደ ሥርዓት

እ.ኤ.አ. በ1897 ጄ. ጄ. ቶምሰን በካምብሪጅ ኤሌክትሮንን አገኘ። በ1909 ጋይገርና ማርስደን በማንችስተር፣ በራዘርፎርድ መሪነት፣ በስስ የወርቅ ቅጠል ላይ የአልፋ ጨረር ሲለቁ አብዛኛው ሰንጥቆ ሲያልፍ ጥቂቱ ወደ ኋላው ተመለሰ። ከዚህ ተነሥቶ ራዘርፎርድ በ1911 የአቶም ክብደት ከሞላ ጎደል በሙሉ በመካከሉ ባለች እጅግ ጠባብ ኒውክለስ ውስጥ የታጨቀ መሆኑን አስረዳ። የኒውክለሷ ስፋት የአቶሙን ስፋት አሥር ሺህኛ እንኳ አይሞላም። በ1932 ቻድዊክ ኒውትሮንን ጨመረ። ያን ጊዜ ዓለም በሦስት ነገር የምታልቅ መሰለች፤ ፕሮቶንና ኒውትሮን በኒውክለስ ውስጥ፣ ኤሌክትሮን ከኒውክለስ ውጭ።

ይህ ዕረፍት ብዙ አልቆየም። በ1936 አንደርሰንና ኔደርማየር ከሰማይ በሚወርደው ጨረር ውስጥ ሙዮን የሚባለውን አገኙ። ሙዮን በነገር ሁሉ ኤሌክትሮንን ይመስላል፤ ብቻ 207 እጥፍ ያህል ይከብዳል፤ ዕድሜውም በአማካይ ከአንድ ሴኮንድ ሚሊዮንኛ ሁለት እጅ ገደማ ነው። በባሕር ጠረፍ እንኳ በተዘረጋ መዳፍ ላይ በያንዳንዱ ሴኮንድ አንድ ያህል ሙዮን ያልፋል፤ እንደ እኛ ባለ ደጋ አገር ደግሞ ቁጥሩ ከዚያ ይበዛል። አቶምን ለመሥራት የማያስፈልግ፣ ማንም ያልጠበቀው እንግዳ ነበርና ፊዚሲስቱ ራቢ ምግብ ቤት እንደ ተቀመጠ ሰው «ይህን ደግሞ ማን አዘዘ?» ብሎ ጠየቀ ይባላል። በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ እንግዶቹ በዙ። የግሪክ ፊደላት ለስማቸው እስኪያጥሩ ድረስ ተከማቹ። ሳይንቲስቶቹ ያኔ በእጃቸው የነበረው ተማሪዎቻችን የሚሸመድዱትን የመሰለ ዝርዝር ነበር።

ከዝርዝሩ ያወጣቸው ግን አዲስ ስም አልነበረም። በ1961 አሜሪካዊው ገልማንና እስራኤላዊው ኔእማን፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከር፣ እነዚያን ቅንጣቶች እንደ ጠባያቸው በስምንት በስምንትና በዐሥር እየመደቡ በሥርዓት አሰለፏቸው። ከዐሥሩ ሰልፍ አንዱ ስፍራ ባዶ ሆነ። ይሁን እንጂ ስፍራው ራሱ የጎደለው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ የኤሌክትሪክ ቻርጁንና ግምታዊ ክብደቱን ጭምር ይናገር ነበር። በ1964 በአሜሪካ የብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ እንደ ተነገረለት ሆኖ ተገኘ። ኦሜጋ ሚነስ ተባለ። ግጥም የሚያውቅ ሰው ከአንድ ስንኝ አንዲት ቃል ብትጎድል ቤቱንና ልኩን አይቶ ምን ዓይነት ቃል እንደ ጎደለች ይናገራል። የተደረገው ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

በዚያው ዓመት ገልማንና ዝዋይግ፣ አሁንም ተለያይተው እየሠሩ፣ ሥርዓቱ የሚገኘው ቅንጣቶቹ ከሦስት ዓይነት ይበልጥ ረቂቅ ክፍሎች የተሠሩ ቢሆኑ ነው አሉ። ገልማን ኳርክ ያላቸው ከጄምስ ጆይስ «ፊኔጋንስ ዌክ» ከሚባለው ልብ ወለድ ባገኘው ቃል ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በስታንፎርድ ኤሌክትሮኖች በታላቅ ፍጥነት ወደ ፕሮቶን ሲተኮሱ፣ የአመላለሳቸው ሁኔታ በፕሮቶኑ ውስጥ እንደ ነጥብ ያሉ ጠንካራ ነገሮች መኖራቸውን ገለጠ። አስቀድሞ በሥርዓቱ የታዩት ነገሮች ኋላ በሙከራ ተዳሰሱ።

ለባልደረባዬ የምሰጠው መልስ እዚህ ላይ ነው። በምሳሌነት ያመጡት ፊደል ራሱ ዝርዝር አይደለም። ልጅ ሁለት መቶውን ሆሄ አንድ በአንድ አይሸመድድም። «ለ፣ ሉ፣ ሊ» ያለ ልጅ ካዕቡ ከቀኝ ወገን ቅጥያ እንደሚያበጅ ከተገለጠለት፣ «በ»ን አሳይተውት «ቡ»ን ሳያሳዩት ሊጽፋት ይችላል። ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ ማለት የዝምድና ስም ነው። በርግጥ «ሩ» እና «ፉ» ከጓደኞቻቸው ይለያሉ፤ ልጁ ግን ልዩነታቸውን የሚያስተውለው ሥርዓቱን ስላወቀ ነው። እንግዲህ ፊደልም የሚያስተምረን ስሙና ዝምድናው አብረው እንዲሄዱ ነው።

አጎት፣ አማች፣ ባዳ

ዛሬ የደረስንበት ሠንጠረዥ አጭር ነው። ስድስት ኳርኮች አሉ። ስድስት ሌፕቶኖች አሉ፤ እነርሱም ኤሌክትሮን፣ ሙዮን፣ ታውና የየራሳቸው ኒውትሪኖዎች ናቸው። ኃይልን የሚያደርሱ አራት ዓይነት መልእክተኞች አሉ፤ ፎቶን፣ ግሉኦን፣ ደብልዩና ዚ። በመጨረሻም ሂግስ አለ። ድምሩ 17 ነው። በአንድ ክፍለ ጊዜ ይሸመደዳል፤ በሌላው ይረሳል።

አንዱን ከሌላው የሚለየው ዋናው ነገር ቻርጅ ይባላል። ተማሪዎቻችን ቻርጅን በቅንጣቱ ላይ እንደ ተቀባ ቀለም አድርገው ያስቡታል። እኔ ግን በክፍል ውስጥ የምመርጠው የቤተ ዘመድ ስማችንን ነው። አጎትነት በሰውየው ገላ ላይ ተፈልጎ የሚገኝ ምልክት አይደለም። አንዱ ሰው ለአንዱ አጎት፣ ለሌላው አማች፣ ለሦስተኛው ባዳ ነው። ቻርጅም እንዲሁ አንድ ቅንጣት ከአንድ ኃይል ጋር ያለውን ዝምድና የሚናገር ስም ነው። ኤሌክትሮን ለኤሌክትሮማግኔታዊው ኃይል ዘመድ ነው፤ ኒውክለስን አጥብቆ ለሚይዘው ለብርቱው ኃይል ግን ባዳ ነው። ኳርክ ለሁለቱም ዘመድ ነው። ኒውትሪኖ ለሁለቱም ባዳ ሆኖ ደካማ ከሚባለው ኃይል ጋር ብቻ ይተዋወቃል።

ባዳነት ምን ያህል እንደሆነ ከኒውትሪኖ እንማር። ከፀሐይ የሚነሡ ኒውትሪኖዎች በያንዳንዱ ሴኮንድ በያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ 65 ቢሊዮን ያህል ሆነው ያልፋሉ። በቀን ከላይ ይወርዳሉ፤ በሌሊትም መሬትን ከወዲያኛው ወገን ሰንጥቀው ከእግራችን በታች ይወጣሉ። የሚያውቃቸው፣ የሚያስቆማቸው የለም። የምንረግጠው መሬት ጠንካራ የሆነው ለእኛ ነው። ጥንካሬ ማለት በእግራችንና በመሬቱ ውስጥ ባሉ ኤሌክትሮኖች መካከል ያለ ግንኙነት ነውና፣ ግንኙነቱ ለሌለው ለኒውትሪኖ ምድር ክፍት በር ናት።

ደካማው ኃይል ደግሞ ስሙን አይቶ የሚናቅ አይደለም። መልእክተኞቹ ደብልዩና ዚ እያንዳንዳቸው ከፕሮቶን ሰማንያ እጥፍ በላይ ይከብዳሉ፤ ከዚህ የተነሣ መልእክቱ ሩቅ አይደርስም፤ ሥራውም ዘገምተኛ ነው። ነገር ግን በፀሐይ ውስጥ ፕሮቶን ወደ ኒውትሮን የሚለወጠው በእርሱ ነው፤ ፀሐይም ነዳጇን በአንድ ጊዜ ሳትጨርስ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ያህል የቆየችው በዚህ ዝግተኛ ሠራተኛ ምክንያት ነው።

ከጤፍ ወደ ክራር

ያቺ ተማሪ ጥያቄዋን በወረቀት ብቻ አልተወችውም። ከጥቂት ቀናት በኋላ «ጋሼ፣ ኤሌክትሮኑ ራሱስ ከምን ተሠራ?» አለችኝ። «እስካሁን በተደረሰበት ልኬት ውስጡ ሌላ ክፍል አልተገኘበትም» አልኳት። አልረካችም፤ መርካትም አልነበረባትም። ችግሩ ከጥያቄዋ ሳይሆን «ቅንጣት» ከሚለው ቃላችን ይመነጫል። ቅንጣት ሲባል አማርኛ ተናጋሪ ጤፍ ይታየዋል፤ ትንሽ፣ ድፍን፣ ከሌላዋ የተለየች፣ ብትከፈል ፍርፋሪ የምትሆን። ጤፍ ከታየን በኋላ «ውስጧ ምን አለ?» ማለት ግድ ነው።

የዛሬው ፊዚክስ የሚያየው ግን ሌላ ነው። መስክ የሚባል አለ፤ ማግኔት በዙሪያው የብረት ብናኝን የሚያሰልፍበትን ዓይነት ማለት ነው። የኤሌክትሮን መስክ በሕዋው ሁሉ ተዘርግቷል፤ ኤሌክትሮን የምንለው የዚህ መስክ ንዝረት ነው። እዚህ ላይ ክራር ይረዳናል። አንድ ድምፅ በጅማቱ ውስጥ እንደ ጤፍ ተቀምጦ አይጠብቅም፤ ጅማቱ ሲመታ ይወለዳል፣ ሲበርድ ያልፋል። «ድምፁ ከምን ተሠራ?» ለሚል ሰው መልሱ «ከጅማቱ አነዛዘር» ነው። በተወጠረ ጅማት ላይ ማንኛውም ድምፅ እንደማይወጣ ሁሉ መስኩም ልክ አለው፤ አንድ ኤሌክትሮን ወይም ሁለት ይኖራል እንጂ ግማሽ ኤሌክትሮን የለም።

ምሳሌው እስከ መጨረሻው አይወስድም። ክራር ከእንጨትና ከጅማት ተሠርታለች፤ መስክ ግን ከሌላ ቁስ አልተሠራም፤ የሚወጥረውም ቅኝተኛ የለም። ቢሆንም ምሳሌው ሁለት ነገሮችን ይፈታልናል። አንደኛው፣ በጎንደር ያለ ኤሌክትሮን እጅግ ሩቅ በሆነ ኮከብ ካለው ኤሌክትሮን በምንም የማይለየው ሁለቱ የአንድ መስክ ንዝረቶች በመሆናቸው ነው። ሁለት ጤፎች እንዲህ አይመሳሰሉም። ሁለተኛው፣ በጄኔቭ አጠገብ በፈረንሳይና በስዊዘርላንድ ድንበር ሥር፣ 27 ኪሎ ሜትር በሚዞረው ዋሻ ውስጥ ሁለት ፕሮቶኖች ሲጋጩ የሚወጡት አዳዲስ ቅንጣቶች ስብርባሪዎች አይደሉም። ብዙውን ጊዜ ከተጋጩት ይበልጥ የሚከብዱ ይወለዳሉ። የግጭቱ ኤነርጂ መስኮቹን ነዝሮ ቁስ ሆነ ማለት ነው። አንስታይን በ1905 ክብደትና ኤነርጂ አንድ መሆናቸውን ካሳየ ወዲህ ይህ ሊያስደንቀን እንጂ ሊያስደነግጠን አይገባም።

ፕሮቶን ስለምን ይከብዳል?

አሁን የተማሪዋን ጥያቄ ለመመለስ ደርሰናል። በፊዚክስ መጠነ ቁስ የሚባለውን እዚህ እንደ ተለመደው ክብደት እለዋለሁ። ጥቃቅኑ ዓለም በሚለካበት በሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ፕሮቶን 938 ይመዝናል። በውስጡ ሁለት አፕ የሚባሉ ኳርኮችና አንድ ዳውን የሚባል ኳርክ አሉ። አፕ ሁለት ያህል፣ ዳውን አምስት ያህል ይመዝናሉ። የሦስቱ ድምር ከ9 ብዙም አይርቅም። ከመቶ ብር ላይ አንዱን ብር አገኘን ማለት ነው። ዘጠና ዘጠኙ የት ገባ?

የትም አልገባም፤ ዝምድናው ራሱ ነው። ኳርኮቹ ከብርሃን ፍጥነት በማይርቅ ፍጥነት ይራወጣሉ፤ ግሉኦኖች በመካከላቸው ያለ ዕረፍት ይመላለሳሉ፤ ይህ ሁሉ እንቅስቃሴና መያያዝ ኤነርጂ ነው፤ ኤነርጂውም ይመዝናል። ነገሩ በግምት ብቻ የቀረ አይደለም። በ2008 አንድ የአውሮፓ ተመራማሪዎች ቡድን ከብርቱው ኃይል ሕግ ተነሥቶ በኮምፒዩተር ባደረገው ታላቅ ስሌት የፕሮቶንንና የመሰሎቹን ክብደት አስልቶ ከልኬቱ ጋር በጥቂት በመቶ ልዩነት ብቻ አገናኘው። የሰውነታችን ክብደት ከሞላ ጎደል በሙሉ ከፕሮቶንና ከኒውትሮን የመጣ ነው። እንግዲህ ሚዛን ላይ ስንቆም መርፌውን የሚገፋው በአብዛኛው የተገናኙት ነገሮች ሳይሆኑ ግንኙነታቸው ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። በፕሮቶን ውስጥ ግን አንበሳውም ራሱ ድር ሆኖ ተገኘ።

ድሩ ደግሞ አይበጠስም። ሁለት ኳርኮችን ለመለያየት በተሳቡ ቁጥር በመካከላቸው ያለው ኤነርጂ ይጨምራል፤ በመጨረሻም ከዚያው ኤነርጂ አዲስ ኳርክና ጸረ ኳርክ ይወለዱና እያንዳንዱ የተሳበ ኳርክ ወዲያው አዲስ ጓደኛ ያገኛል። ከዚህ የተነሣ ብቻውን የቆመ ኳርክ እስከ ዛሬ አልታየም።

ይህ ሲባል የሂግስ ሥራ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በ1964 ሂግስ፣ እንዲሁም ብራውትና አንግሌር ያሰቡት መስክ ለኳርኮችና ለኤሌክትሮን የራሳቸውን ክብደት ይሰጣል፤ ምልክቱ የሆነው ቅንጣት በዚያው በጄኔቭ ዋሻ ተገኝቶ ሐምሌ 4 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. ታወጀ። ድርሻው በሚዛን ላይ ጥቂት ነው፤ በፍሬው ግን ታላቅ ነው። ኤሌክትሮን ክብደት ባይኖረው ኖሮ በኒውክለስ ዙሪያ ሊረጋ አይችልም ነበር፤ አቶምም፣ ኬሚስትሪም፣ ሕይወትም ባልኖሩ።

ኒውትሮንም የዝምድናን ነገር በራሱ ዕድሜ ይመሰክራል። ብቻውን ሲለቀቅ በአማካይ ወደ 15 ደቂቃ ገደማ ኖሮ ወደ ፕሮቶን፣ ኤሌክትሮንና ጸረ ኒውትሪኖ ይለወጣል። በካርቦን ኒውክለስ ውስጥ ከስድስት ፕሮቶኖችና ከአምስት ወንድሞቹ ጋር ሲታሰር ግን ያ ዕድሜ ተሽሮለት በቢሊዮን ዓመታት ይኖራል። ኒውትሮኑ ያው ነው፤ የተለወጠው የሚኖርበት ማኅበር ነው።

የማይለወጠው

ዝምድናዎቹን የሚገዛ ሌላ ከፍ ያለ ሐሳብ አለ፤ ሲሜትሪ ይባላል። ለሠዓሊና ለሐራጊ ጽንሰ ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የመስቀል ሐረግ ቢዞር ያው ሆኖ ይታያል፤ ዞሮ አለመለወጡ ሲሜትሪው ነው። ጀርመናዊቷ የሒሳብ ሊቅ ኤሚ ኖተር በ1918 ባሳተመችው ጥናት፣ የተፈጥሮ ሕግ በማንኛውም ተከታታይ ለውጥ ሥር ያው ሆኖ በቀረ ጊዜ ሁሉ የማይጠፋ አንድ መጠን እንደሚኖር አረጋገጠች። ሕጉ ትናንትና ዛሬ አንድ ስለሆነ ኤነርጂ አይጠፋም፤ እዚህና እዚያ አንድ ስለሆነ የእንቅስቃሴ መጠን አይጠፋም። ይህችው ሊቅ በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ሴት በመሆኗ በስሟ እንዳታስተምር ተከልክላ፣ እስከ 1919 ድረስ ትምህርቷን የምትሰጠው በዴቪድ ሂልበርት ስም ነበር።

በዚህ ሐሳብ መታመን ምን ያህል እንደሚያዋጣ የኒውትሪኖ ታሪክ ያስረዳል። አንዳንድ ኒውክለሶች ኤሌክትሮን ሲተፉ ኤነርጂ የጎደለ ይመስል ነበር። እንደ ኒልስ ቦር ያሉ ታላላቅ ሰዎች ሕጉን ራሱን እስከ መጠራጠር ደረሱ። ፓውሊ ግን በ1930 «ኤነርጂው አልጠፋም፤ ያልታየ ነገር ይዞት ሄዷል» የሚል ሐሳብ አቀረበ። ያ ያልታየው በ1956 በራይነስና በካዋን እጅ ተገኘ። መታመን ግን ጭፍን መሆን የለበትም። ተፈጥሮ ከመስታወት ምስሏ ጋር አንድ ናት የሚለውን ሁሉም ሰው የተቀበለውን ሲሜትሪ ሊና ያንግ በ1956 ሲጠራጠሩ፣ ወይዘሮ ቺየንሹንግ ዉ እጅግ በቀዘቀዘ ኮባልት ላይ ባካሄደችው ሙከራ ደካማው ኃይል ግራና ቀኝን እንደሚለይ አሳየች። ሥርዓት ውብ ቢሆንም ፈራጁ ሙከራ ነው።

ገና የቀረው ሥራ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሠንጠረዡ ምሉዕ አይደለም። የመሬት ስበት እስከ ዛሬ በውስጡ ስፍራ አላገኘም። ኒውትሪኖዎች ክብደት እንዳላቸው ከ1998 ጀምሮ በተደረጉ ሙከራዎች ቢረጋገጥም ክብደቱ ከየት እንደመጣ አልታወቀም። ከሁሉም የሚከብደው፣ 17ቱ ስሞች የሚገልጡት ቁስ ከመላው ዓለም ይዘት ከመቶ አምስት እጅ ያህሉን ብቻ መሆኑ ነው። የቀረው ጨለማ ቁስና ጨለማ ኤነርጂ ተብሎ ተሰይሟል፤ ስሙ ተሰጥቷል፤ ዝምድናው ግን አልታወቀም። ስም ብቻውን ዕውቀት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ይህን የቀረውን ማን ይጠይቀው? ኤሌክትሮማግኔታዊው ኃይልና ደካማው ኃይል የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን በማሳየት በ1979 ከግላሾና ከዋይንበርግ ጋር የኖቤል ሽልማት ያገኘው አብዱስ ሳላም፣ በ1926 በዛሬዋ ፓኪስታን በጃንግ አውራጃ የተወለደ ነው። ከታዳጊ አገሮች የሚመጡ ሊቃውንት ከምርምር እንዳይነጠሉ በ1964 በኢጣሊያ በትሪየስቴ ዓለም አቀፍ ማዕከል አቋቋመ፤ ኢትዮጵያውያን የፊዚክስ ባለሙያዎችም በዚያ ተምረዋል። ሳላም በሥራው ያስመሰከረው ጥያቄው የጥቂት አገሮች ርስት አለመሆኑን ነው።

ርስቱን ለመካፈል ግን ቋንቋችን መዘጋጀት አለበት። በዕለት ንግግራችን «ኃይል» እና «ጉልበት» አንዱ በሌላው ይተካሉ፤ ለፊዚክስ ግን ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ «ኃይል» ያልኩት ነገሮች እርስ በርስ የሚገፋፉበትንና የሚሳሳቡበትን ነው፤ «ኤነርጂ»ን በመጣበት ስሙ የተውኩት ሁለቱ እንዳይደባለቁ ነው። «ቅንጣት»ም ጤፉን ይዞ ይመጣል። ቃል ማበጀት ከዝርዝር ላይ ቃል በቃል መተርጎም አይደለም፤ ቃሉ ከጎረቤቶቹ ጋር እንዲስማማ ማድረግ ነው፤ ይህም ባለቅኔው፣ የቋንቋ ሊቁና የፊዚክስ መምህሩ በአንድ ገበታ ካልተቀመጡ የሚሆን አይደለም። ገበታው ተዘርግቶ ሲጠሩ ደግሞ «የሦስቱ ክብደት ለምን አይሞላም?» ብለው የሚጠይቁ ተማሪዎችም አብረው ይጠሩ። የሚጎድለውን ቃል አስቀድመው የሚያዩት እነርሱ ናቸውና።